የጥር ዝናብ ከቁልቁለቱ በታች

ትናንት ጠዋት የልጅ ልጄ በስስ ሸሚዝ ወደ ጊንዳዕ ልትወርድ ተነሳች። «ልብስ ደርቢ» ብላት ስልኳን አሳየችኝ። «ዓባየ፣ ፀሐይ ነው ይላል እኮ!» አለች እየሳቀች። «የአስመራውን ነው የሚልሽ! አንቺ የምትሄጂው ወደ ቁልቁል!» ብዬ ጮህኩባት። ምን እንደነካኝ አልገባትም። በምን ይግባት፤ ነግሬያት አላውቅ።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ትምህርታችን ወደ አማርኛ በዞረ ሰሞን ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ከጎንደር የመጡ ሰው ነበሩ። የባሕሩ እርጥብ ነፋስ ከተራራችን ሲላተም ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ሲወጣ እንደሚቀዘቅዝ፣ ዳመና ሆኖም እዚያው ቁልቁለቱ ላይ በዝናብ እንደሚወርድ አስተማሩን። ለዚህ ነው በበጋ እኛ ፀሐይ ስንሞቅ እነ ጊንዳዕ የሚበሰብሱት። ደስ ብሎኝ ተማርኩት። ምን ሊሠራልኝ!

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ሠርጌ ተደገሰ። ሙሽራው ሀብቶም ይባላል፤ የጊንዳዕ መካኒክ፣ ሳቂታ ሰው። ወድጄው ነበር፤ አሁን ምን ያሳፍረኛል።

ቤታችን አስመራ ዳር፣ ቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ነው፤ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ከጓሯችን ይታያል። የሠርጉ ጠዋት ከመሸፈኔ በፊት ወደዚያ አየሁ። በጥር ከታች ጉም መተኛቱ ብርቅ አይደለም፤ የዚያን ቀኑ ግን ጠቁሮና አብጦ ነበር፤ ውስጡም ያጉረመርማል። ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አጎቴ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሰው ጠይቆ «ዛሬ ዝናብ የለም ብለዋል» እያለ ደስ ብሎት ገባ።

ቀትር አለፈ። ሙሽራው የለም። ዳሱ ውስጥ የዝግኒው ወጥ ቀዘቀዘ፣ እንግዳው ማጉረምረም ጀመረ። «ንቋት ነው እንጂ በዚህ ፀሐይ ምን ያግደዋል?» ሲሉ በመጋረጃው በኩል እሰማለሁ። በእኛ ወግ ሙሽራ ተሸፍና ትቀመጣለች እንጂ አትናገርም። አላስቻለኝምና አጠገቤ ለተቀመጠችው አክስቴ «ከታች ዝናብ ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ነው» ብዬ አንሾካሾክሁ። ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«ስቕ በሊ፣ ዝም በይ! ሙሽራ ትናገራለች እንዴ? ባል ቸኮላት ይሉሻል!»

እንባዬ በነጠላው ስር ይወርዳል፤ ማን ያየዋል።

አመሻሹ ላይ፣ እንግዳው በልቶና አሽሟጦ ከሄደ በኋላ፣ ሀብቶም ከሚዜዎቹ ጋር ደረሰ። ከጊንዳዕ በላይ፣ ነፋሲት አጠገብ ተራራው ተንዶ መንገዱን ስለዘጋው ማኪናውን ትተው ዳገቱን በእግር ነው የወጡት። «አቦይ፣ ዝናቡ ነው» ሲል ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁት። አባቴ በንዴት ጭቃውንም አላየለት። «የምን ዝናብ? ቀና ብለህ ሰማዩን እየው! ልጄን አዋርደህ ደግሞ ትቀልዳለህ?» ብሎ ከደጅ መለሰው። በኋላ ሽማግሌ ቢላክም አሻፈረኝ አለ። አንዴ ከአፉ ከወጣ ወጣ ነው፤ አባቴ እንዲያ ነበር።

ሌላ አገባሁ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ሀብቶምም እዚያው ጊንዳዕ ሌላ አግብቶ ቤት ሠራ። «አባቷስ አባት ነው፤ እሷ ግን መጋረጃው ኋላ ሆና አንዲት ቃል አልተነፈሰችም» ይል እንደነበር የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው። ወጉን እያወቀ! በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ሳስበው ያናድደኛል። ግን ምን ልፍረድበት? እኔም እኮ፣ ሙሽራ በአማቱ ፊት ሙሽሪትን በስሟ እንደማይጠራ ወጉን እያወቅሁ፣ ያን ምሽት በስሜ ይጠራኛል ብዬ እየጠበቅሁ ነበር።