የጧፍ ሰም ያፈሰስኩበት ጠርሙስ

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነው የምጽፈው። ከልጄ ከቅድስት አልጋ ሥር «ጧ!» ሲል ጥይት መስሎኝ ነበር። ሮጬ ስገባ ቅድስት ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች፤ ነጠላዋ በወይን ርሷል፣ እጇ ይደማል። ያን ጊዜ ገባኝ። አልጋው ሥር ሌሎችም ጠርሙሶች አሉ። ሁሉንም ያሸግኋቸው እኔ ነኝ።

ማን አስገደደኝ? ማንም! እናቴ ወይን ስትጠምቅ ጆሮዋን ከጋኑ አፍ ታስጠጋ ነበር። «ካንሾካሾከ ገና ነው፤ አፉን ከዘጋሽበት ይፈነዳል» ትለኝ ነበር። እኔም ጆሮዬን አስጠግቻለሁ። ሲያንሾካሹክ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዘጋሁት! የቅድስት ሽማግሌዎች ቅዳሜ ሊመጡ ነዋ፤ ወይኔ የሱቅ መምሰል አለበታ!

ዶሮ ማነቂያ ሰፈራችንን ጆንያ ተሸክሞ የሚዞረው ቆራሌ፣ ሸምሱ፣ ወፍራም የቢራ ጠርሙስ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። እኔ ግን ያንን አራት ማዕዘን የአረቄ ጠርሙስ መረጥኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ ስስ ነው» አለኝ።

«አማቶቼን በቢራ ጠርሙስ ላስተናግድ? ቤቴን ቡና ቤት አደረግኸው እንዴ!»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ የማልቀምሰውን!» ብሎ ሳቀ።

ቡሹን በመዶሻ መታሁት፣ በሽቦ አሰርኩት፣ ከላዩ የጧፍ ሰም አፈሰስኩበት። እንዴት አማረልኝ!

ጎረቤት ተሰብስቦ «ምን ሆናችሁ?» ሲል ምን አልኩ? «ያ ቆራሌ የተሰነጠቀ ጠርሙስ ሸጦልኝ!» ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ! እነሱስ እንዴት ወዲያው አመኑኝ? ስባሪውን አንስቶ ያየ አንድ ሰው የለም። ሸምሱን እንደ ልማዱ ሲዞር ደጃፌ ላይ ያዙት፤ ጆንያውን ረግጠው ያለውን ሁሉ ሰባበሩበት። «ሁለተኛ እዚህ ሰፈር እንዳናይህ!» እሱ እኔን አየኝ። ትንፍሽ አላልኩም።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ሴቶቹ ቅድስትን ሊያጽናኑ እዚያው አልጋ ላይ ተቀመጡ። ከሥራቸው ወይኑ ይፈላል። «ተነሱ፣ ሌላውም ይፈነዳል» ብላቸው «ሁሉም ነው እንዴ የተሰነጠቀው?» ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ዝም። የገዛ ልጄ ተቀምጣበት ዝም! ይቺ ናት እናት?

በኋላ ፍርሃቱ ሲብስብኝ «ልጄን ጤና ጣቢያ ውሰዱልኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ወጡልኝ። ብቻዬን ጠርሙሶቹን ጋቢ እያለበስኩ ሽቦውን አንድ በአንድ ፈታሁ። ቡሹ እየተወረወረ ጣራውን መታው።

ዛሬ ያ ሰፈር ፈርሷል፣ ሰዉም ተበትኗል። ሸምሱን የት ላግኘው? ይቅርታ የምለምነው እሱን ነበር፤ እናንተን የምታነቡኝን ብለምን ማጭበርበር ነው። ስለፈራሁ ነው ብዬ አላመካኝም። የፈራሁት እውነቱ እንዳይወጣብኝ ነበርና።

ያን ዕለት የመጨረሻውን ጠርሙስ ውጭ ደፍቼ ደጃፉ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቅድስት እጇን በፋሻ ታሽጋ ተመለሰች።

«እማ፣ ሌላ አለ እንዴ?»

«የለም። ግቢ» አልኳት።

ገባን። እኔና ልጄ ደህና ነን፣ ተርፈናል። ያለ ጥፋቱ የተባረረው ሸምሱ ነው።