የፓኒ ቦጉሚዋ ኪያር

ፓኒ ቦጉሚዋ (ፓኒ ማለት በእኛ በፖላንዶች ቋንቋ ወይዘሮ ነው) ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሕግ ሲጠብቁ ኖረዋል። ሕጉ በገዛ እጃቸው ተጽፎ ቤተ ሙከራችን በር ላይ ተለጥፏል፦ «እዚህ ውስጥ የበላ፣ የጠጣ ወይም ማስቲካ ያኘከ ሰው የአንድ ሳምንቱን ዕቃ ሁሉ ያጥባል።» ሉብሊን ከተማ ካለው ዳይሬክተራችን ይልቅ ያቺን ወረቀት ነው የምንፈራው። እኔ ራሴ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ፖም ምክንያት ሳምንቱን ሙሉ አጥቤያለሁ። ፖሙን የበላሁት ግን ኮሪደር ላይ ነበር። ኮሪደር ከቤተ ሙከራው ይቆጠራል አይቆጠርም እያልን ስንከራከር ዓመታት አለፉ። እውነቱ ከእኔ ጋር ነው፤ እሳቸውን ግን ማን ያሳምናቸዋል?

ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ነጭ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ፣ በትሮሊ አውቶቡስ ይመጣሉ፣ ከቦርሳቸው ኪያር የሞላበት አንድ የብርጭቆ ማሰሮ አይጠፋም። በየበጋው ኪያሩን በጨው ውኃ፣ በእንስላልና በነጭ ሽንኩርት ራሳቸው ያኮመጥጡታል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጓንታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ወደ ምግብ ክፍል ወርደው ነው የሚበሉት። ቢያንስ እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነበር።

ሥራችን በብር ቀለም ማተም ነው። ቀለሙ ውስጥ ያሉት የብር ቅንጣቶች ዓይን ቀርቶ ተራ ማጉያ አያያቸውም። ብር እንዲህ ሲደቅ ጠባዩ ይለወጣል፤ ቅንጣቶቹ እረፍት ያጣሉ፣ እርስ በርስ ካልተጣበቅን ይላሉ። ጠርሙስ ውስጥ እንዳሉ እንዳይጓጉሉ ለእያንዳንዳቸው ስስ ልባስ እናለብሳቸዋለን። ከታተሙ በኋላ ምድጃ ውስጥ እናስገባቸዋለን፤ ሙቀቱ ልባሱን ያወልቃል፣ ቅንጣቶቹም ተያይዘው አንድ መስመር ይሆናሉ፣ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ምድጃ ያልገባ መስመር ሙት ነው። በምድጃው የሚያዙት ፓኒ ቦጉሚዋ ናቸው፣ መለኪያውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ የወተት ፋብሪካ እርጎ ሲበላሽ የሚያስታውቅ መስመር በክዳኑ ላይ አትሙልን አለ። የክዳኑ ፕላስቲክ ግን ምድጃ ሲገባ እንደ ተጠበሰ ቆዳ ይኮማተራል። ስድስት ወር ለፋን። የበረዶው ወራት አልፎ ጸደይ ሲመጣ የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ዜሞቪት፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነ ደግ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ነገረን። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተሳካ ክፍሉ ለሌሎች ይሰጣል፤ ፓኒ ቦጉሚዋም ጡረታ እስኪወጡ ምድር ቤት ካለው መዝገብ ክፍል ይመደባሉ። እሳቸው ጨርቅ አንስተው የጸዳውን ምድጃ መወልወል ጀመሩ። ሳያቸው አንጀቴን በሉት።

በሰኔ አንድ ረቡዕ ከሰዓት ምድጃ ያልገባ የክዳን ፕላስቲክ ለማነጻጸር ብዬ ለካሁ። አንደኛው መስመር ሙት፣ ሁለተኛው ሙት፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ጫፍ ላይ ስደርስ መለኪያው ነፍስ ዘራ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ቡናማው መስመር አውራ ጣት በሚያክል ቦታ ላይ እንደ ማንኪያ ያበራል።

ዶክተሩን ጠራሁት። በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ነው አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ፕላስቲክ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣን፤ ምንም የለም። ቀጥሎ ጥፋቱም ተአምሩም የቀለሙ ነው አለና ቀለሙ የተቀዳበት ሰባተኛው ጠርሙስ ልዩ መሆኑን ለፋብሪካው ሊጽፍ ተቀመጠ። ያንን ቢልክ ፋብሪካው ሰባተኛውን ይሞክራል፣ አይሠራለትም፣ እኛም መሳቂያ ሆነን ክፍሉ ይዘጋል።  ዓርብ ዕለት ከፓኒ ቦጉሚዋ እጅ ብልቃጥ ወድቆ ተሰበረ፤ በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው መሆኑ ነው። አመማቸው ብዬ ሰጋሁ።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ማሰሮውን ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ዶክተር፣ ደብዳቤውን ይተዉት» አሉ። «መስመሩን የነካው ጣት የእኔ ነው። ኪያር እየበላሁ ነበር።»

ዶክተር ዜሞቪት እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ጥያቄ ማን ይነጥቀኛል?

«የት ሆነው ነው የበሉት፣ ፓኒ ቦጉሚዋ?»

«እዚሁ። ሥራው ላይ ቆሜ። ምድጃው እየጋለ ነበር፣ ትቼው መውጣት አቃተኝ፣ ራበኝ።»

«አንድ ኪያር ብቻ?»

«ሁለት» አሉ። ፊታቸው ቀላ። «ሁለት ተኩል።»

ልስቅ አልኩና ዓይናቸውን ሳይ ተውኩት። እንባ አቅርረው ነበር።

«ቅዳሜና እሑድ እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉ። «ዝም ካልኩ ክፍሉ ይዘጋል። ከተናገርኩ ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል? ኋላ ግን ክፍሉ ከሌለ ሕጉ ምን ያደርጋል አልኩ።»

ዶክተሩ ተነሥቶ ጠብታ መለኪያ አመጣ፣ ከማሰሮው ውኃ ቀዳና ሙቱ መስመር ላይ አንድ ጠብታ አኖረ። እኔ የመለኪያውን መርፌዎች ጫንኩ። ቡናማው ቀስ እያለ ነጣ፣ መስመሩ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳየው ቁጥር ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። መስመሩ ያለ ምድጃ ሕያው ሆነ። ዶክተር ዜሞቪት ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ጨው ነው አለን፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ የቅንጣቶቹን ልባስ ይገፍፋል፣ እነሱ ደግሞ ከድሮም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው፣ ወዲያው ይያያዛሉ። በማግስቱ በንጹሕ የጨው ውኃ ብቻ ደገምነው፤ ከማሰሮው የበለጠ ጥሩ ሆነ። ነጭ ሽንኩርቱ አያስፈልግም ሲል ፓኒ ቦጉሚዋ ትንሽ ቅር አላቸው። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ ይኸኛው ጨው ለእኛም ጣፈጠ። ፋብሪካው ተስማማ፣ ክፍሉም የእኛ ሆኖ ቀረ።

እሳቸው ግን ነገሩን አልረሱትም። ዶክተሩ ቅጣቱን እንዲተዉት ለመናቸው፤ ጣታቸውን ወደ በሩ ወረቀት ቀሰሩ። እኔም በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብዬ ነካ አደረግኳቸው፣ ቁናው ሞልቶ ይሰፈር አሉኝ። አምስት ቀን ቆመው አጠቡ። ሐሙስ ዕለት ላግዝ ብዬ ፎጣ ባነሣ ከእጄ ነጥቀው አባረሩኝ።

ዓርብ የመጨረሻውን ብልቃጥ ደፍተው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ «ቴኦፊል፣ ና እስቲ» ሲሉኝ ሰማሁ። ብወጣ ከበሩ አጠገብ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው ተቀምጠዋል። በአንድ ጎናቸው የኪያር ማሰሮ፣ በሌላው ታጥቦ የተወለወለ አንድ ፖም አለ። ፖሙን ዘረጉልኝ።

«እንካ ብላ። ኮሪደር ቤተ ሙከራ አይደለም» አሉ፤ ከዚያም ወለሉን እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ «ያኔም አልነበረም።»

ጎናቸው ቁጭ ብዬ እስከ ፍሬው በላሁት።