ሁለት ነገር በአንድ ክረምት

ኸይሪያ ከወሎ የመጣችው በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። ወለጋ ውስጥ አንገር ጉቲን አደገች፤ አብዱን አግብታ አራት ወለደች። ሩዝን ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ በብተና ነበር የምትዘራው፣ እስከ አምናው ክረምት ድረስ።

አምና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሊሊሴ፣ ችግኝ በመደብ አፍልታ በመስመር እንድትተክል መከረቻት። አብዱ ሳቀ።

«ሩዝ እንደ ሽንኩርት ሊተከል? በይ የማሳውን ግማሽ ያንቺ አድርጊው፣ የኔን ግማሽ አትንኪብኝ» አላት።

ኸይሪያና እህቷ ፋይዛ ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ አጎንብሰው ተከሉ። በሳምንቱ ሄዳ ብታየው ክው አለች። ችግኙ ቢጫ ሆኖ ጠውልጓል። አብዱ የዩሪያ ማዳበሪያውን በአንዴ የበተነበት የወዲያኛው ግማሽ ግን ለዓይን ያሳሳል።

«ሳይመሽብሽ አፈሩን ገልብጠሽ ዘር በትኚበት» አሏት ጎረቤቶቿ። የድርሻዋን ዩሪያ ልትበትን ከረጢቱን ፈታች፣ መልሳ አሰረችው፣ ወደ ሊሊሴ ሮጠች።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ ኸይሪያ?» ስትል ሊሊሴ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቀቻት።

«ምን ደህንነት አለ! ችግኜ ሊሞት ነው። ዩሪያውን ልበትንበት?»

«አሁን ከበተኑት ሥሩ ስላልያዘ ውሃ ይወስደዋል። አዲስ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ግማሹን፣ ዛላ ሊይዝ ሲል የቀረውን።»

«እስከዚያ ቢሞትስ?»

ሊሊሴ ትንሽ አሰበች። «አይሞትም ይመስለኛል።»

ያ «ይመስለኛል» ኸይሪያን እህል አላስበላ አላት። ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ቁጢጥ ብላ አንዳንዱን ችግኝ በጣቷ ትነካካለች። የልጆቹን ቀለብ በእጄ ገደልኩት እያለች ትብሰለሰላለች። በተከሉ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከአንዱ ችግኝ መሃል አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ብሎ አየች። አላመነችም፤ ወደ ሌላው ሄደች። እዚያም አለ። ዩሪያውን ሊሊሴ እንዳለቻት ጊዜውን ጠብቃ ሁለት ጊዜ ከፍላ በተነችው።

መስከረም ማብቂያ ላይ ነፋስ ያዘለ ዝናብ ጣለ። የአብዱ ሩዝ ረዝሞ አገዳው ቀጭን ነበርና ተጋደመ፤ የእሷ ቆመ። ደስ ግን አላላትም፤ የተጋደመውም የቤቷ እህል ነው። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ እያቃኑ ሲያስሩ ዋሉ። ሲወቃ ከእሷ ስምንት ኩንታል፣ ከእሱ አምስት ገባ።

«እንግዲህ ዘንድሮ ሁሉንም እንተክላለን» አለ አብዱ፣ ክረምቱ ሲቃረብ ሊሊሴ ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ።

ሊሊሴ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ሁለት ነገር በአንዴ ነው የለወጡት። ያበዛው መስመሩ ይሁን የዩሪያው አከፋፈል አይታወቅም።»

ኸይሪያ ወገቧን ያዘች። ዩሪያው ከሆነ ያ ሁሉ ማጎንበስ በከንቱ ነበር። መስመሩ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ማሳ በማን ጉልበት? የትኛው እንደሆነ ለመለየት ዘንድሮ ዳሩን በብተና ዘርተው ዩሪያውን ከፋፍለው ሊሰጡት ተስማሙ፤ የቀረውን ይተክላሉ። ችግኙ መደቡ ላይ ሃያ አምስት ቀን ሞልቶታል፣ ከዚህ በላይ ከቆየ ያረጃል፤ ዝናቡ ግን ዘግይቷል። አብዱ የዳሩን ስፋት በገመድ ሲለካ፣ እሷ በአንገር ወንዝ በኩል ደመና ትፈልጋለች።