ጨው በማን እጅ ነው?

ባለፈው እሑድ የወጥ ቤቴን ቁም ሳጥን ሳጸዳ ከሩዝ ከረጢቱ ጀርባ የእናቴ የጨው ጣሳ እጄ ገባ። ድሮ የቡና ጣሳ የነበረ፣ ቀለሙ የተላላጠ ነገር ነው፤ ክዳኑ ላይ በፕላስተር «ጨው» ብላ ጽፋበታለች፤ በርበሬ የነካው ጣት ስንት ዓመት ስለዳሰሰው ፕላስተሩ ራሱ ቀልቷል። ጨው ሽታ የለውም ይባላል፣ ይኼኛው ግን አለው፤ የቅርንፉድ፣ የሽንኩርትና የእናቴ እጅ ሽታ። እናቴ ካረፈች ገና አምስት ወሯ ስለሆነ ክዳኑን ቶሎ መለስኩት፤ ግን አልሆነልኝም፣ ስዊድን፣ ሃሉንዳ የሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያደግኩበት ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ገብቼ ነበር።

ስዊድኖች ካሌንደራቸው ላይ ሥራ የማይገባበትን ቀን በቀይ ያትማሉ፤ እኛም «ቀይ ቀን» እንለዋለን። ጃንዋሪ ስድስት ቀይ ነው፤ የኛ ገና የሚውልበት ማግስቱ ግን ጥቁር ነው፣ ማለትም አባቴ አውቶቡስ ይነዳል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ እዚህ አገር በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ አባቴ «ለምን ገናን በቀዩ ቀን አናደርገውም? ሁላችንም ቤት ነን» አለ። እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችው። «ጾሙን ማን ሊፈታልን ነው? ካሌንደሩ?» አለችና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። በመጨረሻ የተስማሙት፣ በቀዩ ቀን ሁላችንም ወጥ ቤት ገብተን አብረን ልንሠራ፣ የምንበላው ግን በማግስቱ አባቴ ከሥራ ሲመለስ እንዲሆን ነው።

አዲስ አበባ ሳለን ወጥ ቤት ዝር ብሎ የማያውቀው አባቴ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እንቁላል ይልጣል፣ ግማሹ እንቁላልም ከልጣጩ ጋር ይሄዳል፤ ታናሽ ወንድሜ ዳዊት የትምህርት ቤቱን የዋና መነጽር አጥልቆ ሽንኩርት ይከትፋል፤ እኔ ዶሮውን በሎሚ አጥባለሁ፤ እናቴ ምድጃው ፊት ቆማ ሁላችንንም በክርኗ ትገፋለች። መስኮቱን እንፋሎት ይሸፍነውና ውጭ ያለው በረዶ ይጠፋል። ጾም ስለሆነ ማንም አይቀምስም። እናቴ ድሮም ጨው የምትለካው በዓይኗና በእጇ ነበር፤ ያን ዓመት ግን ወጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን አልነበረችም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ውጭው መደንገዝ ሲጀምር፣ አባቴ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ማዕድ ቀረበ። ቆርሶ ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዋጠ። ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ጠጣና ቀስ ብሎ «ትንሽ ጨው ጨምሬበት ነበር፤ የረሳሽው መስሎኝ» አላት። «እኔ መች ረሳሁ!» አለች እናቴ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ስልክ ልታነሳ ስትሄድ ሁለት ማንኪያ ጨምሬ ነበር። ዳዊት ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ተንሸራተተ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ «አርባ ሦስት ቀን ጾመን ለዚህ?» ብላ አለቀሰች። ያኔ አባቴ ተነስቶ፣ ጨዉን እንዲመጥልን ብሎ፣ ድንች መላጥ ጀመረ። ድንች የገባበት ዶሮ ወጥ በላን፣ ለሦስት ቀን ውኃ ስንጠጣ ከረምን፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የጣመኝ ገና የለም።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሕግ አወጣች። በቀዩ ቀን ጠዋት ጣሳውን ከፍ አድርጋ ይዛ ሁላችንንም ተራ በተራ ታየንና ለአንዳችን «ዘንድሮ አንቺ ነሽ» ወይም «አንተ ነህ» ትላለች፤ ጨው የሚጨምረው የተመረጠው ሰው ብቻ ነው፤ ወጡ እስኪወርድም ጣሳውን ከእጁ አይለይም። አባቴ ተራው ሲደርስ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦት ይዞር ነበር። እሱ ካረፈ በኋላም፣ እኛ ካገባን በኋላም አልተወችውም፤ ልጄ ማርታ በስድስት ዓመቷ ተመርጣ ቀኑን ሙሉ ጣሳውን አቅፋ ውላለች።

ማክሰኞ ዕለት ዳዊት ከሱንድቢበሪ ደወለልኝ። «ዘንድሮስ ቅዳሜ ሬስቶራንት ተገናኝተን እንብላ በቃ፤ ያለ እሷ ማን ይሠራዋል?» አለኝ። ድምፁ ሲሰበር ስለሰማሁ አልተቆጣሁትም፤ እሺ ግን አላልኩም። ሬስቶራንት ውስጥ ጨው የሚጨምረውን ሰው አላውቀውም። «በቀዩ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ እኔ ቤት» አልኩት። «የዋና መነጽርህን ይዘህ ና።»

ለማርታም ያንኑ ጻፍኩላት። ኪስታ የሚባል ሰፈር ነው የምትሠራው፤ በቀዩ ቀን ከጓደኞቿ ጋር በረዶ ሸርተቴ ልትሄድ ማሰቧን አውቃለሁ። መጣችም ቀረችም ሽንኩርቱ እንደሚከተፍ፣ ዳዊትም ከቀረ ብቻዬን እንደምከትፈው ወስኜ ስልኩን አስቀመጥኩ። ማታ ላይ መለሰችልኝ፤ አማርኛውን አሳምራ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን እንደ ልማዷ በስዊድንኛ ነው። «ቬም ሃር ሳልተት?» ይላል። ጨው በማን እጅ ነው?

ጣሳውን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ፊቴ አስቀመጥኩት። ለዚህ ጥያቄ መልስ የምትሰጠው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። አባቴ የለም፤ እሷም የለችም፤ ያ ወጥ ቤት የሌላ ሰው ሆኗል፤ ከእንግዲህ እኔን ዓይን ዓይኔን አይቶ «ዘንድሮ አንቺ ነሽ» የሚለኝ ሰው አይኖርም። አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ ለልጄ ጻፍኩላት፤ «ዘንድሮ አንቺ ነሽ።»