የምድር ቤቱ እርጥበትና የእናቴ መገነዣ

ደብረ ታቦር፣ ተዳፋት ላይ በሠራሁት ቤቴ፣ ከሳሎኑ ሥር ምድር ቤት አለኝ። የኋላ ግድግዳው ከኮረብታው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ያልበዋል። እኔ ደግሞ የግንባታ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ እርጥበት ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ ተማሪ የማስጨንቅ።

ጎረቤቴ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በግንቦት አጥሩን ተደግፈው «ውሃው የሚመጣብህ ከላይ ነው። ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቅደድለት» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልኩና ውስጡን ድርብ ሲሚንቶ ለሰንኩት፤ ነጭ ቀለምም ቀባሁት። እንግዳ ሲመጣ ሳይቀመጥ ምድር ቤት አወርደው ነበር።

በሰኔ እናቴ ከሐሙሲት መጥታ እኔ ጋ ከረመች። የቆርቆሮ ሳጥኗን ይዛለች። ውስጡ ያለው መገነዣዋ ነው፤ ስትሞት የምትጠቀለልበት ነጭ አቡጀዲ፣ በየዓመቱ የመስከረም ፀሐይ ላይ እያናፈሰች ያቆየችው። «ደረቅ ቦታ አኑርልኝ» አለችኝ። ከምድር ቤቴ የደረቀ ቦታ የት አለና! ጭራሽ ሐምሌና ነሐሴን፣ አየር ይግባ ብዬ መስኮቱን ከፍቼ ተውኩት። የገባው ጉም ነው።

መስከረም ጠባና ሳጥኑን ላወጣላት ስወርድ ልስኑ ከሥሩ አብጦ መርገፍ ጀምሯል። ሳጥኑን አውጥቼ እናቴ ክዳኑን ስታነሣው ሽታው ቀደመን። አቡጀዲው አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ለብሷል፤ ብትዘረጋው እስከ መሐሉ ዘልቋል። እናቴ አየችው፣ አየችውና «እኔ ሳልበሰብስ ቀደመኝ?» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ በጣም አፈርኩ።

በማግስቱ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ከቤቱ ጀርባ ቦይ መቆፈር ጀመርኩ። ጎረቤቴ ብቅ ብለው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉና ተመለሱ። ቆፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ወርጄ አቡጀዲ ጠየቅኩ። ነጋዴዋ ጣቃውን አውርዳ «ለምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቁመታቸውስ?» አለች። የቤቴን ግድግዳ ሁሉ በሴንቲ ሜትር የማውቀው ሰውዬ የእናቴን ቁመት አላውቅም። እስከዚያች ሰዓት መገነዣውን እንደ ዕቃ እንጂ እንደ ሞቷ አስቤው አላውቅም ነበር። ስታቅፈኝ ራሷ የት ድረስ እንደሚደርስ ለማሳየት እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ ማንሣት አቃተኝ።