ለእማዬ የአየር ለውጥ፦ በሁለት የዝዋይ ደሴቶች መካከል

ከአዳማ የተነሣሁት በግንቦት ነው፤ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ቆርቆሮውን ሁሉ በሚያንኳኳበት ወር። ለሽርሽር አልነበረም። እናቴ ታማለች። ሐኪሙ እኔንና ወንድሜን ተስፋዬን ኮሪደር ላይ አውጥቶ፣ ጉበቷ አልቋል፣ ከእንግዲህ ቤት ወስዳችሁ ከማስታመም በቀር የሚደረግ ነገር የለም አለን። እኛም እንደ አገሩ ወግ እንባችንን ዋጥ አድርገን ገባንና፣ ጨጓራ ነው አሉ፣ አየር ብትለውጪ ይሻልሻል አልናት። እሷም ሳታቅማማ፣ እንግዲያው ደሴት ውሰዱኝ አለች።

የትኛው ደሴት? ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። እናቴም ሟቹ አባቴም የዝዋይ ሐይቅ ልጆች ናቸው፤ ግን የተወለዱት በተለያየ ደሴት ነው። የእሷ ተራራ ነው፣ የእሱ ዝቅ ያለ ሜዳ። እሷን ስንጠይቃት ደግሞ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተስፋዬ፣ አንቺ የጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለሽ፣ ሄደሽ እይና የሚስማማትን ምረጪ ብሎ ጣጣውን እኔ ላይ ጣለው። ወንድሜ ሲጨንቀው ሥራ ማከፋፈል ይወዳል።

እስከ ባቱ

የሚኒባሱ ረዳት ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ጠቀጠቀኝና ከታሪፍ በላይ ጠየቀኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አልለቀውም ነበር፤ ያን ቀን ግን ለጭቅጭቅ አቅም አጣሁ። ሞጆ እንደ ልማዷ በቆዳ ሽታ ተቀበለችን። ቆቃ ላይ የውሃው ጠርዝ እምቦጭ ለብሷል፤ ለማያውቀው ለምለም ግጦሽ ይመስላል። መቂ ስንደርስ ቲማቲም በሳጥን በሳጥን ተደርድሮ የጭነት መኪና ይጠብቃል፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ፈርጦ ዝንብ ወሮታል። ከዚያ ወዲያ ግራር፣ ፍየል፣ የአበባ እርሻ የላስቲክ ቤቶች፣ ደግሞ ግራር ነው።

ድሮ ዝዋይ፣ አሁን ባቱ በምንላት ከተማ ወርጄ ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ። ቆሮሶ የሚሉት ዓሣ ከመዳፌ አይበልጥም። በልጅነቴ አባቴ ይዞት የሚመጣው ከሰሃኑ ይተርፍ ነበር። አስተናጋጇን ብጠይቃት፣ ደህና ደህናው ወደ አዲስ አበባ ተጭኖ ያልቃል፣ ሐይቁም ደክሟል አለችኝ። ግማሹን ትቼው ወጣሁ።

የአባቴ ደሴት

ባለ ሞተር ጀልባው ገመቹ በኦሮምኛ «አካም ኦልተን»፣ እንዴት ዋላችሁ ብሎ ተቀበለኝ። በአንድ ቀን ሁለቱንም ደሴት እንዲያደርሰኝ ተስማማን። ግን ማልደን ካልሄድን እንደማይሆን አስጠነቀቀኝ፤ ሐይቁ ጠዋት የሰው ነው፣ ከሰዓት በኋላ የነፋስ ነው አለ። ስለዚህ ባቱ አድሬ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነሣን።

የአባቴ ደሴት ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም። ጀልባው ሳይቆም ሙቀቱ ይቀበላል፤ እርጥብ፣ ልብስ ላይ የሚጣበቅ ሙቀት። አፈሩ ጥቁርና ወፍራም ነው፣ ፓፓያው ያለ ልክ ያፈራል። ውሃው ሞልቶ ሲሸሽ በተወው ጭቃ ላይ ግን ትንኙ ጭስ ይመስላል። የአባቴ እህት አክስቴ ወርቄ ደጇ ድረስ ወጥታ አቀፈችኝ። አልጋዬን እለቅላታለሁ፣ ይዘሽልኝ ነይ እንጂ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አለች። ቤቷ ከመውረጃው ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ዳገት የለበትም። ቢብስባትም ባቱ ሐኪም ቤት ቅርብ ነው። ወባው አሳሰበኝ፤ አጎበር ይገዛል አልኩ። በልቤ ጉዳዩን እዚያው ጨርሼ ነበር።

የእናቴ ደሴት

ገና ከሩቁ ሌላ አገር ነው። ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣ አለት፣ በእርከን ላይ እርከን የተደረደረበት። ለተማሪዎቼ ከፍታ አየርን ይለውጣል እያልኩ ስንት ዘመን አስተምሬያለሁ፤ በአንድ ሐይቅ ውስጥ፣ በአንድ ጠዋት፣ በቆዳዬ ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው። ነፋሱ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፣ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ደረሰ። ትንኝ ብሎ ነገር የለም። አፈርም የለም ማለት ይቻላል፤ ዝናቡ በየክረምቱ ጠርጎ ወደ ዳር ያወርደዋል፣ ሰዉ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ በኬሻ ተሸክሞ ወደ እርከኑ ይመልሰዋል። እናቴ ትከሻዋ የጎበጠው በዚያ እንደሆነ ስትነግረን ነው ያደግነው።

የእናቴ ወንድም ጋሼ ደምሴ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ዳር ላይ አፈር ሲሞሉ ደረስኩ። ስመውኝ ሲያበቁ ስለ ሕመሟ ብዙም አልጠየቁኝ። ለእርከን ነው ብዬ እኔም ግማሽ ኬሻ አሸክሙኝ አልኩ፤ ጋሼ ትንሽ አዩኝና «ደግ ነው፣ ላንቺም ይገባሻል» አሉኝ። በቁልቋሉ መሐል ቀጥ ያለውን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ አጠረ። እማዬ ይኼን እንዴት ትወጣዋለች፣ ቢብስባት ማን ያወርዳታል እያልኩ የአባቴን ደሴት በየእርምጃው መረጥኩ።

ጋሼ እርከኖቹን አልፈው ሄዱ። ከደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገቡና ከሴት አያቴ መቃብር አጠገብ፣ አለቱ ተፈልፍሎ በተከፈተ ጉድጓድ አፍ ላይ ኬሻቸውን ገለበጡ። የአፈሩ ክምር ጉልበቴ ይደርሳል።

«ጋሼ፣ ይኼ ለማን ነው?»

«ለእናትሽ ነዋ። ከፋሲካ በፊት አፈሬን አዘጋጅልኝ ብላ በዓሣ ነጋዴ ልካብኝ ነበር። እዚህ አለት ነው፤ አፈሩ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ሰው የምናለብሰው እናጣለን። ያወቅሽ መስሎኝ እኮ ነው!»

ከፋሲካ በፊት ማለት ሐኪሙ ለእኛ ሳይነግረን ማለት ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሰው አየኝ ሳልል አለቀስኩ። ጋሼና ጎረቤቶቻቸው ባዶ ኬሻቸውን ይዘው ሲወርዱ እኔም ተነሥቼ አብሬያቸው ወረድኩ። የሐይቁ ነፋስ ተነሥቶ ገመቹ ከታች እስኪጣራ ድረስ ተሸከምን። ጋሼ ሲሸኙኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ጎረምሶች አሰልፌ ቃሬዛ ይዤ ዳር ላይ እጠብቃችኋለሁ አሉኝ።

ወደ ቤት

በመልሱ መንገድ ከመቂ እስከ አዳማ ያየሁትን አላስታውስም። ስገባ እማዬ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ተስፋዬ ከኋላዋ ሆኖ በዓይኑ ተጠንቀቂ ይለኛል። እኔም ፈሪ ነኝና ትምህርቴን ጀመርኩ፤ የአባቴ ደሴት ሞቃት፣ ሜዳ፣ ለሐኪም ቅርብ፣ ያንቺው ነፋሻ፣ ቀዝቃዛ፣ ዳገት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ለመኖሪያ የአባትሽ ይሻላል፣ እውነትሽን ነው» አለች። «ደምሴ አፈሩን ጀመረ?»

«የምን አፈር?» አለ ተስፋዬ።

«ጀምረዋል፣ እማዬ። እኔም ተሸክሜያለሁ።»

ተስፋዬ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየና ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ወጣ። ልከተለው ስነሣ «ተዪው፣ ያልቅስ፤ ለእኔ ብሎ ይዞት ነው የከረመው» አለችኝ።

ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩት እውቀት ቢኖር ይኼ ነው፤ እኛ ስንደብቃት፣ እሷም እንዳንደነግጥባት ስትደብቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ እየተዋደድን ለየብቻችን ስናለቅስ ከርመናል። እኔ የመኖሪያ አየር ሳማርጥ፣ እሷ ከእናቷ ጎን የምታርፍበትን ነበር የምትጠይቀን። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ እናሻግራታለን።

እማዬ እጄን ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የኬሻው ገመድ የላጠውን ጣቴን አየችው፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ያን ዳገት ተሸክመሽ ወጣሽ?» አለች። «ወገብሽን አላመመሽም?»