ካውያው አልነካኝም

የወሎ ልጅ ቆንጆ ናት ይላሉ፤ ኩሩ መሆኗን ግን የሚናገር የለም። እኔ ኩራቴን ከነሻንጣዬ ይዤ ነበር ኩዌት፣ ሚሽሪፍ የሚባል ሰፈር ለቤት ሠራተኝነት የገባሁት። ማዳም ግን ሻይ ዘገየ፣ ምንጣፉ ተንጋደደ እያለች "ማፊ ሙኽ!" ትለኝ ጀመር። አእምሮ የለሽም ማለቷ ነው። መጀመሪያ በሆዴ እስቅባት ነበር፤ ሲደጋገም አመንኳት። ምግብ አስጠላኝ፣ አገር ቤት መደወል ተውኩ፣ ራሴን ጠላሁት። በመጨረሻም በገዛ እጄ ክንዴን መጉዳት ጀመርኩ። ማዳም ቁስሉን አይታ ስትጠይቀኝ "ካውያ ነካኝ" አልኳት።

"መተኮስም አታውቂም? ማፊ ሙኽ!"

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሁሉ ሙቀት እጅጌዬን መሰብሰብ ተውኩ።

ለኢድ የሰፈሩ የወሎ ልጆች ሂና ልንቀባ ተሰበሰብን። የምትቀባን ጎረቤት ቤት የምትሠራ ታላቃችን ናት፤ እስከ ክርን ካልሳለች ደስ አይላትም። ተራዬ ሲደርስ "መዳፌ ይበቃኛል" አልኩ።

"ሙሽራ ነሽ እንዴ የምታፍሪው!" ብላ እጅጌዬን ሳብ አደረገችው። አየች። ቶሎ መለሰችውና ምንም እንዳልተፈጠረ መዳፌን ሳለች። ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረችኝ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ካውያ ነው።"

"ወላሂ፣ ይሄ ካውያ አይደለም።"

አለቀስኩ፤ ሁሉንም ነገርኳት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ የኔ ሸጋ። ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ሲከፋሽ ደውይልኝ። ክንድሽን ደግሞ ለአረፋ ስዬ እጨርሰዋለሁ፤ የተጀመረ ሥራ መተው አልወድም።"

ሐኪሙ ድባቴ ነው አለኝ። መድኃኒት ሰጠኝ፣ እየተመላለስኩም አነጋገረኝ። በአንድ ጊዜ አልዳንኩም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ለታላቃችን እደውላለሁ፤ ሳህን እያጠበችም ቢሆን ታነሳለች፣ አገር ቤት ያለች አማቷን እያማች እስክስቅ ድረስ ስልኩን አትዘጋም።

አረፋ ደረሰ። ሁሉም ባሉበት እጅጌዬን ራሴ ሰበሰብኩ።

"ልሸፍነው?" አለችኝ በጆሮዬ።

"ተይው፤ ዙሪያውን ሳዪበት።"

ጠባሳው በአበባና በሐረግ መሐል ቀረ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ እጅጌዬን ሰብስቤ ስተኩስ ማዳም መጣች። ሂናውን አደነቀችና ጠባሳው ላይ ስትደርስ "ካውያው ያቃጠለሽ ይሄ ነው?" አለችኝ።

"ካውያው ነክቶኝ አያውቅም፣ ማዳም። አሞኝ ነበር። መተኮስ ግን አውቃለሁ።"

የባሏን ነጭ ዲሽዳሻ፣ ያን ረጅም ቀሚሱን፣ አንስቼ ፊቷ ዘረጋሁላት። አንድም የተጨማደደ ቦታ አልነበረውም።